ግቡ

ምንይችል እንጅባራ መሃል ሞባይል ይጠግናል፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። ዛሬ ጠዋት ቤዛዊት የምትባል የፊዚክስ አስተማሪ ሽቦዋ የተበጠሰ ትንሽዬ ቦርድ አመጣችለት።

"መሃሏ ላይ ዓይን የማያያት ነጥብ አለች" አለችው። "ግራና ቀኟ ያለው ብረት ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ድካም ያልፍበታል። ግን የሚያልፈው ጥንድ ጥንዱን ነው። ብቻውን የመጣ ጓደኛ ካልያዘ አይገባም።"

"እኔ ግን ብቻዬን ነው የምገባው፣ ቲቸር!"

"እንዳትነካት!" ስትለው ሆን ብሎ ጣቱን ጫን አደረገባት። ጣቱ በረዶ ሆነ።

ለምሳ ሲወጣ ባለሱቋ መሪማ "እንዴት ዋላችሁ?" አለችው። ዞሮ ቢያይ ከኋላው ማንም የለም።

"ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እኔ የበዛሁት?" ብሎ ሳቀባት።

ባጃጅ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ሹፌሩ ዞረና "እስቲ ተጠጋጉ፣ ሰው ልጭን" አለው። ምንይችል ሰድቦት ወረደና መንገዱን በእግሩ ቀጠለ።

ቤት ሲደርስ እናቱ በሩን ከፍታ "ግቡ፣ ምሳ ደርሷል" አለች።

ደሙ ፈላ። ደጃፉ ላይ እግሩን ተከለ።

"እማ፣ የወለድሽው አንድ ነው! 'ግባ' በይኝ፤ ያለዚያ ንቅንቅ አልልም!"

እናቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ አየች።

"እሺ ልጄ፣ ግባ።"

የሆነ ነገር ትከሻውን ገፍቶት አለፈ። በሩ ተዘጋ።

"እማ፣ ቆልፊው" አለ የራሱ ድምፅ፣ ከውስጥ።