የሴቴው ኮሶ አበባ

አቶ ባዘዘው ወደ ላስ ቬጋስ ሲመጡ ኮሶውን በሻንጣቸው ውስጥ፣ በበርበሬውና በሽሮው መካከል ሸጉጠው አመጡት። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ያለ ኮሶ መኖር የለበትም ባይ ናቸው። ልጃቸው ስምዖን ለዚያ አንድ ፍሬ ክኒን እንደሚበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙትም።

ዛፉን ያውቁታል። ያደጉት ጉና ተራራ ግርጌ ነው፤ አባታቸው ኮሶ ለቅመው ገበያ ያወጡ ነበር። የወንዴው ዛፍ አበባ ነጣ ያለ ነው፤ እሱን አይፈልጉትም። የሚለቀመው የሴቴው ነው፤ እንደ ዘለላ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ቀዩ አበባ። ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አፍንጫ ተይዞ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ከግንዱም አልጋና ሳጥን ይሠራል፤ እንጨቱ ቀይ ነው።

አባታቸው ገዢውን ሳይጠይቁ አይሸጡም ነበር። «ለልጅ ነው? ለደካማ ሰው ነው?» ይላሉ። ገዢዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ሚስታቸውን ይጠራሉ፤ እሷም ሴትዮዋን ወደ ጓሮ ወስዳ አንድ ነገር ጠይቃት ትመለሳለች። ባዘዘው ያኔ ልጅ ነበሩ። የሴቶች ወሬ ነው ብለው ጆሮ ሰጥተውት አያውቁም።

የምራታቸው የሮሐ ነገር እያደር አላምር አላቸው።

መጀመሪያ ክትፎው ነው። በመጡ ሰሞን ከእሳቸው እኩል ጥሬውን ትበላ ነበር። አሁን ለእሳቸው ጥሬውን ታቀርብና የራሷን እስኪያር ድረስ ታበስለዋለች።

«ምነው፣ መርዝ አለበት እንዴ?» አሏት እየሳቁ።

«ኖ አባባ፣ እንዲሁ አላሰኘኝም» አለችና ዓይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች።

ቀጥሎ ኮሶው ነው። አንድ ቀን ከረጢቱን ከኪችን ካቢኔት አውጥታ፣ የሞተ አይጥ የያዘች ይመስል በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ነገር ጋራዥ ይቀመጥ። ሽታውን አልቻልኩትም።»

«የአባቴ እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው» አሉ አቶ ባዘዘው።

ሮሐ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

ከሁሉ የባሰው ግን የስልኩ ነው። ልብስ እያጣጠፈች ከስምዖን ጋር ስታወራ፣ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሰሟት። ስምዖን ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርግ ሠራተኛ ነው።

«ይሄ ቤት ከእንግዲህ አይበቃንም» አለች። «ቦልደር ሲቲ ያለው ለአባባም ይሻላል፤ ደረጃ የለውም፣ ጸጥ ያለ ነው። ቅዳሜ ከሺፍት ስትወጣ ሄደን እንየው። እንዳትነግራቸው ግን! እሁድ ቸርች፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይስሙት።»

አቶ ባዘዘው ክፍላቸው ገብተው የቸርች ጓደኛቸው ወልደሥላሴ ጋር ደወሉ።

«ቦልደር ሲቲ?» ብለው ሳቁባቸው ወልደሥላሴ። «አለቀልህ በለኛ! ቁማር እንኳን የሌለበት ከተማ እኮ ነው። የሽማግሌዎች ቤት ሊከቱህ ነው። አንገትህ ላይ መሐረብ አስረው ሾርባ በማንኪያ ያጎርሱሃል።»

«ስምዖን እንዲህ አያደርገኝም።»

«ስምዖን ምን አለበት? ቤቱን የምትነዳው እሷ አይደለች? በሰው ፊት የምትነግርህ እንዳትጮህ ነው።»

አቶ ባዘዘው ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። ሮሐ ቅዳሜን አልጋ ላይ ከዋለች ጉዞው ይቀራል፤ እሳቸውም ልጃቸውን ለብቻው ያናግሩታል። ኮሶ ሰው አይገድልም። አንድ ቀን ሆድ ያስሮጣል፣ ጉልበት ይሰብራል፣ ከዚያ ይለቃል። ልኩን ያውቁታል። ከልኩ ትንሽ ጨመር አደረጉበት፤ እንድታውቀው ብለው።

ሮሐ በየጠዋቱ የምትጠጣው የጎመንና የዝንጅብል ጁስ አላት። ትጠላዋለች፤ ሐኪም አዞኝ ነው ትላለች። ቅዳሜ ጠዋት ብርጭቆውን ራሳቸው ይዘውላት ሄዱ።

«ውይ አባባ! ዛሬ አስተናጋጅ ሆኑልኝ? ቲፕ ስንት ነው?»

«ጠጪው ብቻ።»

አፍንጫዋን ይዛ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ፊቷ ተጨማደደ። «ኡፍ! ዛሬስ ባሰበት።»

«ዝንጅብሉ ነው» አሉ።

ብዙም አልቆየ፤ ሮሐ ሆዷን ይዛ ወደ ባኞ ቤት ሮጠች። አቶ ባዘዘው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ስታቃስት ሲሰሟት ድምፁን ጨመሩት።

«አባባ! ስልኬን ያቀብሉኝ!»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ በእጃቸው ርቀት ነበር። አዩት። አልነኩትም።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር! የሆነ ነገር ሆኛለሁ!»

«አይዞሽ፣ ይለቅሻል» አሉ ከተቀመጡበት። ኮሶ ሲይዝ እንዲህ ነው። የአባታቸውም ደንበኞች ይጮሁ ነበር።

ቆይቶ ጩኸቱ ቆመ። ለቀቃት ብለው ሄደው በሩን ገፋ አደረጉት። ሮሐ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፤ ከሥሯ ያለው ነጭ ምንጣፍ ቀልቷል። ኮሶ ደም እንደሚያመጣ ሰምተው አያውቁም። በባዶ እግራቸው ወጥተው የጎረቤቱን በር ደበደቡ፤ አምቡላንስ የጠራው ጎረቤቱ ነው።

ሆስፒታል ሮሐን እየገፉ ወደ ውስጥ አስገቧት። ስምዖን ሺፍት ላይ ስለሆነ ስልኩን አያነሳም። አንዲት ነርስ ጎማ ባለው ዘንግ ላይ የተተከለ ስክሪን እየገፋች ወደ አቶ ባዘዘው መጣች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ወጣት የአማርኛ አስተርጓሚ አለች።

«ዛሬ ምን በላች? ምን ጠጣች?»

«ጁስ» አሉ አቶ ባዘዘው። «ጁስ ብቻ ነው የጠጣችው።»

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጠየቀች።  አቶ ባዘዘው አስተርጓሚዋ እስክትናገር ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

«አባት፣ ነርሷ የምትጠይቅዎ ይሄን ነው» አለች፤ «እርግዝናዋ ስንት ወር ሆኖት ነበር?»