የዮፍታሔ ክፍል

ሚያዝያ 11 ቀን 2094 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሟቹ ወንድሜ የዮፍታሔ ክፍል ግድግዳ እንደ ስኳር መሟሟት ጀመረ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለው ቤታችን የተሠራው በ1922 ነው። በአዲሱ ሕግ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት በራሱ ወደ ተሠራበት መልክ ይመለሳል፤ ያልተመዘገበ ይፈርሳል። እንዳይፈርስብን ብዬ ምዝገባውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ክፍሉን አባቴ በረንዳውን ዘግቶ ለታመመው ወንድሜ የሠራው መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። እናቴ ሳታንኳኳ ገብታበት አታውቅም።

«ቤቱ የድሮ መልኩን እያስታወሰ ነው፣ እማማ» አላት የቅርስ ባለሙያው አቶ ረመዳን።

«እኔንስ? ሃምሳ ዓመት ጠርጌዋለሁ እኮ።»

«በ1922 እርስዎ አልነበሩማ።»

«አንተስ ነበርክ? ታዲያ ምነው አንተንም አብሮ አላሟሟህም?»

አቶ ረመዳን ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኩለ ቀን ላይ የዮፍታሔ አልጋ ክፍት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይመታው ነበር። ቤቱን አዳንኩት ወይስ አጠፋሁት፣ አሁንም ግራ ይገባኛል።

ቤቱ ዛሬም ቆሟል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ወደ በረንዳው ከመውጣቷ በፊት ምሰሶውን ታንኳኳ ነበር።