አንቺ ቅደሚ
ህሊና ስልኳን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝታ ሜክሲኮን የቢሯችን ግድግዳ ላይ ዘርግታዋለች። የዘር ስርጭት ሠንጠረዡን ማንም ስላላነሳው የፒራሚዱ ጫፍ የማዳበሪያው ዓምድ ላይ አርፏል።

"ይሄ የነገሥታት መቃብር ነው" ትላለች።

አይደለም። ቤተ መቅደስ ነው። አላርማትም።

ከሜክሲኮው የስንዴ ስልጠና ከተመለሰች አራተኛ ቀኗ ነው። ከንፋስ መውጫ የግብርና ባለሙያዎች አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል ተብሎ ተፈተንን፤ እኔና እሷ እኩል አመጣን። ኃላፊያችን አቶ ሰውነት ለዕጣ ሁለት ወረቀት ጠቅልለው ባርኔጣቸው ውስጥ ጣሉና መጀመሪያ ወደ እኔ አቀረቡት። ጣቴ በዳር በኩል ያለችውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው "አንቺ ቅደሚ" አልኳት። በር ላይም፣ ማዕድ ላይም፣ ባጃጅ ላይም እንደዚህ እያልን ነው ያደግነው። "ኧረ አንቺ" ብላ ትመልስልኛለች ብዬ ነበር። አልመለሰችም። በዳር በኩል ያለችውን አነሳች።

አምስት ወር ሆነው። ያቺ ወረቀት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ቀጥሎ ባሕር መጣ። ህሊና ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ አሸዋ ላይ ቆማለች። ጣና ዳር አራት ዓመት አብረን ስንማር እግሯን ነክራ አታውቅም።

"ዋኘሽ?" አሏት አቶ ሰውነት።

"ትንሽ።"

አልዋኘችም። በሁሉም ፎቶ ላይ ፀጉሯ ደረቅ ነው።

አሁን ደግሞ አናቱ ላይ ቢጫ ቤተ ክርስቲያን ያለበት አረንጓዴ ኮረብታ ታየ። "ኮረብታ እንዳይመስላችሁ" ትላለች፣ "ፒራሚድ ነው። አፈርና ሣር ለብሶ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ኋላ ነው ላዩ ላይ የሠሩት።"

ምርጥ ዘር ሊጠይቁ መጥተው ጥግ ላይ የተቀመጡት ቄስ ክንዱ አንገታቸውን አሰገጉ። "ታቦቱ የማን ነው?"

ህሊና ግድግዳውን ታያለች። "አልጠየቅሁም፣ አባ።"

"እዚያ ድረስ ሄደሽ ሳትሳለሚ መጣሽ?"

ሰው ይስቃል።

"የእመቤታችን ነው" አልኩ ከኋላ። "እንደኛ ታቦት የላቸውም እንጂ የተሠራው በእሷ ስም ነው።"

ቄስ ክንዱ ዞሩ። "አንቺም ሄደሻል እንዴ፣ ልጄ?"

"አይ፣ አባ።"

ህሊና አየችኝ። ከፈተናው በፊት ስለዚያ አገር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ቀጣዩን ፎቶ ቶሎ አሳለፈችው።

ሲያበቃ ቄስ ክንዱና አቶ ሰውነት በሩ ላይ ተገናኝተው "ይቅደሙ፣ አባ"፣ "ኧረ አንተ ቅደም" እየተባባሉ መውጫውን ዘጉት። ህሊና እነሱ እስኪወጡ እየጠበቀች ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችው። ሁለት ዛጎል ነው። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሙሉ፣ ውስጡ ሮዝ። ሌላው ትንሽ ነው፤ ጠርዙ ተሸርፏል።

"ከባሕሩ ዳር የለቀምኳቸው ናቸው። አንዱ ያንቺ ነው፣ አንዱ የኔ" አለችና መዳፏን ዘረጋች። "አንቺ ቅደሚ።"

ቀጥሎ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። "ኧረ አንቺ" እላለሁ። "በሞቴ" ትለኛለች። ሦስተኛው ላይ እሸነፍና ትንሹን አነሳለሁ። ዓይኗ ትልቁ ላይ ነው።

ትልቁን አነሳሁ።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ፈገግታዋም ከፊቷ አልጠፋም፤ ደስታው ግን ከሥሩ ወጥቶ ሄዷል። ትንሹን ዛጎል መልሳ በሶፍቱ ጠቀለለችው፤ ከሚገባው በላይ ብዙ ጊዜ ጠቀለለችው።

"አመሰግናለሁ" አልኩና ባሕሩ ይሰማኝ እንደሆነ ዛጎሉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ከውስጡ ደረቅ አሸዋ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ወረደ። አላራገፍኩትም።