ልጄ ሊገባበት ነው

የወይዘሮ ደሳለች የጓሮ ክፍል አንድ በርና አንድ ጠባብ መስኮት አለው። ደብረ ታቦር ለማስተማር የመጣው የሺዋስ ሦስት ዓመት ኖሮበታል፤ ኪራይ አሳልፎም አያውቅም። ወይዘሮዋ ኪራዩን በእጥፍ ሲጨምሩበት ግን እምቢ አለ።

«እትዬ፣ ውላችን ገና አላለቀም። በመሃል መጨመር ሕጉ አይፈቅድልዎትም።»

«ሕጉን ለተማሪዎችህ አስተምር!» አሉት። እንደማይበገር ሲያዩ ተከራይ የማይከራከርበትን ቃል ተናገሩ። «እንግዲያው ልቀቅልኝ፤ ልጄ ሊገባበት ነው።»

ሕጉ ለዚህም ጊዜ ይሰጠው ነበር። እሱ ግን «ለልጅዎት ከሆነማ ምን እላለሁ?» ብሎ ዕቃውን አወጣ።

ወይዘሮ ደሳለች የነበራቸው አንድ ልጅ ነው፤ ታምራት። በአምስት ዓመቱ ሞቷል። በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በመቃብሩ በኩል ማለፍ አፍረው በሌላው በር ገቡ።

ሰኞ ከሰዓት አዲሷ ተከራይ፣ ነርሷ ትዝታ፣ ቁልፉን ተቀብላ ወደ ጓሮ ዞረች። ወዲያው ተመለሰች።

«እማማ፣ ሰው እያለበት ያከራዩኛል እንዴ? ጓጉንቸሩን ስከፍት ከውስጥ ‹የኔ ክፍል ነው፤ እናቴን ጠይቂያት› አለኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ልጅዎት ነዋ! ኧረ ነውር ነው፣ እንዲህ ያለ ሕፃን ለብቻው ይቆለፍበታል?»

ወይዘሮ ደሳለች ሄደው በሩን ገፉት፤ አልተንቀሳቀሰም። በሳንቃው ስንጥቅ አዩ። የላይኛው መቀርቀሪያ ክፍት ነው። የታችኛው፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከስንዝር ከፍ ብሎ ያለው፣ ከውስጥ ተዘግቷል።