ጭሱን የሚመልሰው ቫልቭ

ፊደል ስላልቆጠርሁ ባሌና ልጄ ጆሮም ያለኝ አይመስላቸውም። «የናፍጣ መኪናችንና አባትህ እኩል ነው የሚያስሉት» ብዬ ብነግረው መካኒኩ ልጄ ሳቀብኝ። ባሌማ ታሞ ከተኛበት አልጋ ላይ ሆኖ በመስኮቱ ጮኸ፦ «የእናትህን ወሬ ተውና ሥራህን ሥራ! እሷ ከምላሷ ሌላ ምን አላት?»

ልጄ መስኮቱ ሥር የቆመውን መኪና ሞተር አጥፍቶ ቫልቩን ፈታ። ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ይኸው ነው፤ ጥላሸት ተጋግሮበት አልዘጋ ብሏል።

«እስካጸዳው ቀዳዳውን በላሜራ ልድፈነው» አለና ብሎኑን አጠበቀ።

ከመኝታ ቤት ይሰማ የነበረው ሳል ቀጥ አለ። ዕድሜ ልኩን ዝም በይ ሲለኝ የኖረ ሰው ዝም አለ።

ልጄ በመስኮቱ አየ። አባቱ አፉን ከፍቶ አየር አጥቷል። ደንግጦ ብሎኑን ሲያላላ ሳሉ ተመለሰ፤ አባቱም ትራሱ ላይ ጥቁር ጥላሸት ተፋ። ልጄ አላምን ብሎ ደግሞ አጠበቀ። ሳሉ ጠፋ። አላላ። ተመለሰ።

«እማዬ» አለኝ፣ መፍቻውን እንደያዘ፣ «ምን ላድርግ?»

«አሁን አመንከኝ?» አልሁት። «በል ወሬውን ተውና ሥራህን ሥራ። አጥብቀው።»