የኦዴት ጠርሙስ

እጄን የጠርሙሱ ቂጥ ላይ አሳርፌ ፎቶ እስኪያነሱኝ እጠብቃለሁ። ከኋላ የቆመች ሴትዮ ፈገግ እንድል በጣቷ የከንፈሯን ዳር ሳብ አድርጋ ታሳየኛለች። ጠዋት ካቴድራሉ በር ላይ ያለውን ፈገግ ያለ መልአክ ፎቶ ስታነሳ ቆይታ ነው የመጣችው፤ የራንስ ከተማ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚስቅ ይመስላታል። መልአኩ ድንጋይ ነው፣ የእጅ አንጓ አያመውም። ቢሆንም ትንሽ እስቅላታለሁ።

አስጎብኚያችን ክሌማንስ፣ ዛሬ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ስለ እኔ ታወራለች። ሻምፓኝ ጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ሲብላላ አተላ ይተዋል፤ አተላው ወደ አንገቱ እንዲወርድ ጠርሙሱ ቁልቁል ተደፍቶ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይዞራል፤ እስኪጠራ ከወር በላይ ይፈጃል። ሙሴ ረሚ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ የጠመኔ ዋሻ ውስጥ ጠርሙስ ሲያዞሩ ኖረዋል፣ ትላቸዋለች። ሁሉም እውነት ነው።

የማትነግራቸው ነገር አለ። የሚሸጠውን ጠርሙስ ዛሬ የሚያዞረው ማሽን ነው፤ የኔ መደርደሪያ ለዓይን ብቻ ነው። ጎብኚው አተላው ሲንሸራተት ማየት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሁሉም ከሄደ በኋላ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ ነቅንቄ አደፈርሳቸዋለሁ። ቀን ሳጠራ ውዬ ማምሻውን አደፈርሳለሁ። ሰው በዚህ ይደክመዋል ብለው የሚያስቡ አይመስለኝም። እኔ ግን ደክሞኛል።

እኛ ጠርሙስ አዟሪዎች ዘንድ አንድ ወግ አለ፤ ሥራ የሚያቆም ሰው በገዛ እጁ ያጠራትን አንዲት ጠርሙስ ለሚስቱ ይወስዳል። እኔም ጡረታ የወጣሁ ዕለት ይዤ ገባሁ። በማግስቱ ለጎብኚ እንድቆም መልሰው ጠሩኝ፣ እሺ አልኩ። ሚስቴ ኦዴት ይህን ስትሰማ ጠርሙሷን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠቻት።

"ሥራ ያላቆመ ሰው የማቆሚያ ጠርሙስ ያመጣል እንዴ?" አለችኝ። "የምር ስታቆም አምጣልኝ።"

እሁድ የጋብቻችን ኢዮቤልዩ ነው፣ ሃምሳ ዓመት። ቅዳሜ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ነው፤ ሰኞ ሐኪሙ አንጓዬን ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ ማዞር የሚባል ነገር የለም ብሎኛል። ስለዚህ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ፣ በግድግዳው በኩል፣ አንዲት ጠርሙስ አለችኝ። ከፋሲካ ጀምሮ አዞራታለሁ እንጂ ነቅንቄያት አላውቅም። ምልክት አላደረግሁባትም፤ ምልክት ያለበትን ጠርሙስ ጎብኚ ሳይነካ አያልፍም። ለማንም አልተናገርኩም። የድሮ ጓደኞቼ ቢኖሩ ሳልነግራቸውም ያውቁ ነበር። ትናንት ቀስ ብዬ መብራት ላይ ሳያት አተላዋ በሙሉ አንገቷ ላይ ተሰብስቦ፣ የቀረው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል።

የቀኑ የመጨረሻ ጎብኚዎች ሊቀምሱ ወደ ላይ ይወጣሉ። እኔም እጄን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ልነክር ወደ መታጠቢያ ቤት እሄዳለሁ። ስመለስ ክሌማንስ ሰዎቹን ለአስቀማሾቹ አስረክባ መደርደሪያው ሥር ናት። ካፖርቷን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በዚህ ብርድ አልቧታል።

"ጨረስኩልዎት፣ ሙሴ ረሚ" ትለኛለች። "ዛሬ በጊዜ ወደ ቤት ነው።"

ምን እንደጨረሰች ይገባኛል። ምሳ ላይ ማንኪያውን በግራ እጄ ስይዝ አይታኝ አንጀቷን በልቻት ኖሯል።

"አንዱንም አልዘለልኩም" ትላለች። "ያቺን ታች ጥግ ያለችውን እንዲያውም ሁለቴ ነው የነቀነቅኳት። ለእሷ ሲያጎነብሱ እንዴት እንደሚያምዎት ሁሌ አያለሁ።"

ተንበርክኬ አወጣታለሁ። መብራቱ ላይ ስይዛት እንደ ሩዝ ውሃ ደፍርሳለች። ለመጥራት ከወር በላይ ትፈልጋለች፤ እኔ ያለኝ እስከ እሁድ ነው። በዚህ እጅ ሌላ አላጠራም። ለኦዴት የምወስድላት የለኝም። ንዴቴ ይነሳል፤ አፌን ብከፍት ልጅቷን የማስለቅሳት ይመስለኛል።

ክሌማንስ ፊቴን ታያለች። "አበላሸሁ እንዴ?" ትለኛለች።

ቀና ብዬ አያታለሁ። ግንባሯ ላይ ጠመኔ ተለጥፏል፣ መዳፎቿ ቀልተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ያንን ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ፣ ስታወራ፣ ድምጿ ሰልሏል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል እጄን ያየልኝ እሷ ብቻ ናት። ንዴቴ የሚያርፍበት ያጣል።

"ምን ታበላሺያለሽ፣ ልጄ" እላታለሁ። "እኔም እንዲህ አድርጌ አላደፈርሳትም።"

ትስቃለች። እስከ ቅዳሜ ድረስ የመነቅነቁን ሥራ ለእሷ እንድተው፣ የኔ ድርሻ ቆሜ መታየት ብቻ እንደሆነ ትነግረኛለች። እሺ እላታለሁ። ጠርሙሷን አንገቷን ቁልቁል አድርጌ ወደ መደርደሪያው ቀዳዳ እመልሳታለሁ። እጄ ሳላዘው የዛሬውን ትንሽ ዙር ያዞራታል። አንጓዬ ይወጋኛል።

"አሁን ደግሞ ለማን ነው የሚያዞሩት?" ትላለች እየሳቀች። "ጎብኚ እኮ የለም።"

"ልማድ ነው" እላታለሁ። አምናኝ የመደርደሪያውን መብራት ታጠፋለች።