ግራችሁን ያዙ

መምህር ጥበቡ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። በትምህርት ቤቱ ደጅ የሚያልፈው የሸዋ ቤንች መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ደግሞ የያዘው የእግረኛ ደህንነትን ነው። ሚዛን ከተማ ስልጠና ወስዶ የመጣ ሰሞን፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ የመንገድ አካሄድ ተማሪ ሆኑ።

ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ደረጃው ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ልጆቹ አድርጎ ይቆማል። ከዚያ ግራ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል።

«እንደኔ! ግራችን የት ነው?»

«ይኸው!» ይላሉ፣ እጃቸውን እየዘረጉ።

«እግረኛ የቱን ይዞ ይሄዳል?»

«ግራውን!»

«ለምን?»

«መኪናው ከፊት እንዲታየው!»

«ጎበዞች!»

እውነትም ሲታዩ ደስ ይላሉ። የተዘረጋው እጅ ሁሉ ከመምህሩ እጅ ጋር በአንድ በኩል ነው፤ ከመደዳው ያፈነገጠ አንድም የለም። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ በየነች እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩአቸዋል። የጥበቡ ቤት ከግቢው ጀርባ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው አስፋልት ላይ ሲሄዱ አይቶ አያውቅም፤ ማየት እንዳለበትም አልታየውም።

አንድ ቀን ከክፍሉ ልጆች አንዷ፣ ምሕረት፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ባጃጅ ከኋላዋ መጥቶ ገጫት። እግዜር ሲያተርፋት እግሯ ብቻ ተሰበረ። ትሄድ የነበረው በቀኝ ጠርዝ ነው።

ጥበቡ ሲሰማ መጀመሪያ አዘነ፤ ቀጥሎ ተናደደ። «ኧረ ስንት ጊዜ ላስተምር!» አለ። ምሕረት ቤንችኛ እየሰማች ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ ገና እየለመደች ነው። ጥበቡ ጥፋቱን እዚያ አገኘው።

በማግስቱ እናቷ ካሰች ትምህርት ቤት ተጠራች። ካሰች ገበያ ላይ ጎደሬና ሙዝ ትሸጣለች። ቢሮ ስትገባ ወይዘሮ በየነች፣ መምህር ጥበቡ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ሰማንና ባጃጅ ነጂው ጀዋር ተቀምጠው ጠበቋት። ወንበር ቢሰጧትም ጫፉ ላይ ብቻ ነው የተቀመጠችው።

«ወላሂ አስቤው አይደለም» አለ ጀዋር። «ልጆቹ በሙሉ በእኔ በኩል ነበሩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። ጥሩምባ ስነፋ እሷ ደንግጣ ወደ ውስጥ ገባችብኝ።»

«የልጅ መንጋ እያየህ ቀስ አትልም?» አለ ሳጅኑ። «ለመሆኑ ሁሉም እንዴት በዚያ በኩል ሆኑ?»

«ልጆች አይደሉ?» አለ ጥበቡ ፈጠን ብሎ። «አንዷ ስትሳሳት ሌሎቹ ይከተሏታል።»

የካሰች አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። ዋጋ ለመንገር ይበቃል፤ ለመከራከር ግን አይበቃም። እንደምንም አፏን ከፈተች።

«መምህር እንዳሳየኝ ነው የሄድኩት ትላለች።»

«አያችሁ!» አለ ጥበቡ። «አልገባትማ! እህቴ፣ እኔ ግራ ብዬ አሳየሁ፣ እሷ ቀኝ ይዛ ሄደች። ቤት ውስጥ አማርኛ አታናግሪያትም! ታዲያ ልጅቷ እኔን በምን ትስማኝ?»

ካሰች ፊቷ ጋለ፣ አንገቷን ደፋች። ልጇን የምታናግራት የገዛ እናቷ ባናገረቻት ቋንቋ ነው። እስከዛሬ ጥፋት መስሏት አያውቅም። አሁን ግን ሆስፒታል የተኛችው ልጅ ፊቷ ድቅን አለችባት። ልጄን በአፌ ሰበርኳት ብላ አሰበች፤ ሀፍረቱ ዓይኗን እንባ ሞላው።

«እግሯ ሲድን ዜሮ ክፍል ትመለስ» አለ ጥበቡ። «አማርኛ ትልመድና በሚመጣው ዓመት አንደኛን ትጀምራለች። ለሷው ብዬ ነው።»

ካሰች ቀና አለች። ምሕረት አንደኛ ክፍል የገባች ለት ቦርሳዋን አላወርድም ብላ እንዳዘለች ነው የተኛችው። ሐኪሙ እግሯን ሲያስር እንኳ የጠየቀችው «ክፍሌ ይጠብቀኛል?» ብላ ነበር። እናቷም ይጠብቅሻል ብላታለች።

«እባክዎ መምህር፣ አይመልሷት» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። አማርኛ እኔ እማራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በቋንቋችን አላናግራትም። ስሞት!»

ጀዋር ጫማውን ያይ ጀመር። ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ወይዘሮ በየነች አመነቱ። «ለመሆኑ ሌሎቹስ ገብቷቸዋል?»

«እንዴ! የኔዋ ፋና እኮ በእንቅልፏ ሁሉ ትለዋለች» አለ ጥበቡ። ፋና ልጁ ናት፤ የምትማረውም ከምሕረት ጋር እዚያው ክፍል ነው። «ኑ፣ በዓይናችሁ እዩ። ያልገባት እሷ ብቻ መሆኗን ወላጅም ትይ።»

ተያይዘው ወደ ክፍል ሄዱ። ልጆቹ ከሰሌዳው ላይ ይገለብጡ ነበር። ጥበቡ ሁሉንም ወደ ክፍሉ መጨረሻ ወስዶ ከልጆቹ ጀርባ አቆማቸው፤ እሱም አብሮ ቆመ።

«እኔን እያዩ ነው የሠሩት እንዳይባል» አለ ለሳጅኑ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ጮኸ። «ወደ ኋላ መዞር የለም!»

ካሰች ግድግዳውን ተጠጋች። የልጇ ቦታ ፊት ለፊቷ ባዶውን ነው። የሰው ልጅ ሁሉ አውቆ የኔዋ ብቻ ሳታውቅ ብላ ስታስብ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጥበቡ ደረቱን ነፋ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ግራችን የት ነው?»

«ይኸው!»

ፋናን ጨምሮ ልጆቹ በሙሉ ቀኝ እጃቸውን አነሱ።